የታች እጀታ

ጋሽ ታደለ ማረፉን የሰማሁት ሚስማር እየመዘንኩ ሳለ ነው። ከሶሎሎ የመጣ የፒካፕ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ በሱቄ በር ብቅ ብሎ፣ ፉንዲ ታደለ፣ አናጢው ማለቱ ነው፣ ለሕክምና በሄደበት ማለፉንና ከሰዓት በኋላ ይዘውት እንደሚመጡ ነገረኝ። ሚስማሩን ሚዛኑ ላይ እንደተወሁት ገዢውን ሌላ ቀን ና ብዬ ሱቁን ዘጋሁ። ይህን ያህል ዓመት በንግድ ላይ ስኖር፣ ከተማው ከተረበሸበት ጊዜ በቀር፣ በጠራራ ፀሐይ በሬን የዘጋሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለ እሱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ትቼዋለሁ። ደግ ነበር፣ ባለሙያ ነበር፣ ነፍሱን ይማር ብሎ መጨረስ ቀላል ነው፤ ውሸትም አይሆንም። ነገር ግን እኔ በዚህ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ አጥፍቻለሁ። ሁለቱም ጥፋት የመጣው በአንዲት የእንጨት መቁረጫ ማሽን እጀታ ነው። ያንን ዘልዬ ስለ ደግነቱ ባወራ ራሴን መሸንገል ይሆንብኛል።

የምኖረው በኬንያው ሞያሌ ነው። ቀለም፣ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍና የአናጢ መሣሪያ እሸጣለሁ። ሰዉ ማማ ሙሉ ይለኛል። ጋሽ ታደለ ግን ሙሉዬ ነበር የሚለኝ፤ በዚህ ከተማ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም። እሱ ድንበሩን የተሻገረው በኢትዮጵያ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው። አብረውት የተሰደዱት ናይሮቢ ወረዱ፣ ከዚያም በየአገሩ ተበተኑ። እሱን ለምን ቀረህ ሲሉት "እግሬ እዚህ ላይ ደከመኝ አለ" ይል ነበር። የጎልቦ ቆላ ተወላጅ የሆነችውን እትዬ ዳርሚን አግብቶ ከሱቄ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የቆርቆሮ ሥራ ቤት ሠራና እዚያው ሸበተ።

ረጅም፣ ቀጭንና ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። እርሳሱን ባርኔጣው ውስጥ እንጂ ጆሮው ላይ አይሰካም። ሱቄ ሲመጣ ከሰላምታ በፊት በመዳፉ የበሬን መቃን ከላይ እስከ ታች ይዳብሰዋል፤ መቃኑን የሠራው እሱ ነው። "ደኅና አድራለች" ይላል፤ በሯን ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው እኔ እንዴት እንዳደርኩ የሚጠይቀኝ።

የታወቀው በአልጋ ነው፤ በተለይ በራስጌው። ራስጌውን ከላይ ሲቆርጠው መስመሩ ከሁለቱም ጎን ቀስ ብሎ ወደ መሐል ከፍ እያለ ይወጣና መሐሉ ላይ እንደ ግመል ሻኛ ይነሣል። ሰዉም "ሻኛ" ይለው ነበር። ከጎዶማም ሆነ ከሶሎሎ ልጁን የሚድር ሁሉ አልጋ ሲያዝ የሚጠይቀው ያለ ሻኛ እንዳይሆን ነው። ሌሎች ፉንዲዎችም ይሠሩት ነበር፤ የእነሱ ግን ወይ ይሾላል ወይ ይተኛል። የጋሽ ታደለ ሻኛ ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በጣትህ ብትከተለው አታውቀውም።

አንድ ቀን የጎዶማ ሰው አልጋውን ሊወስድ መኪና ይዞ መጣ። አልጋው አልቆ፣ ተቀብቶ፣ ደርቆ ቆሟል። ጋሽ ታደለ ራቅ ብሎ አየውና በሚቀጥለው ሳምንት ና አለው። ሰውየው ተቆጣ፤ መኪና ተከራይቶ ነው የመጣው። እኔም በጩኸቱ ተስቤ ሄጄ ባየው ባየው እንከን አላገኘሁበትም። ጋሽ ታደለ በግራ በኩል የሆነ ቦታ ላይ መስመሩ ትንሽ እንደ ዘለለ ነገረን። ሰውየው እኔ አላየሁትም፣ ሚስቴም አታየውም፣ ስጠኝ ቢለው፣ "እኔ አይቼዋለሁ" አለ። የመኪናውን ኪራይ ራሱ ከፍሎ ራስጌውን እንደገና ሠራው። እኔ ያን ዕለት ሞኝ መሰለኝ፤ ፊት ለፊቱም ነገርኩት።

ጥምዙን ሁሉ የሚቆርጠው በእጅ መጋዝ ነበር። የእኛ መብራት መቼ እንደሚሄድ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ማሽን የገዙት ፉንዲዎች መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ ጫታቸውን ሲቅሙ የእሱ መጋዝ ግን ይሰማ ነበር። ማሽን ግዛ ስለው እንጨት የሚከፋው ሲቸኩሉበት ነው ይለኝና ወሬ ይለውጣል። ስለዚህ አስፋልቱ ሞያሌ በደረሰ ሰሞን ሱቄ መጥቶ በባትሪ የሚሠራ ጂግሶ እንዳለኝ ሲጠይቀኝ ሳቄ ነው የመጣው። ጂግሶ ማለት ቀጭን ምላጩ ከሥሩ ወጥቶ ሽቅብና ቁልቁል እየተመላለሰ የሚቆርጥ፣ ለጥምዝ ሥራ የሚሆን ትንሽ ማሽን ነው።

በዚያ ሰሞን ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አያወጣም ነበር። በዚህ ሙቀት ኮት መልበሱ ራሱ ያስቀኝ ነበርና፣ "ጋሼ፣ ያቺን እጅህን ባንክ አስገባሃት እንዴ?" እያልኩ እቀልድበታለሁ። እሱም አብሮኝ ይስቅ ነበር። ምላሴን በቆረጠው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥፋት የመጣው በአንዲት ቃል ነው። እኛ ሞያሌዎች "ላይ" ስንል ኢትዮጵያን ነው፤ ዳገቱን ወጥተህ ኬላውን ተሻግረህ ያለው ነው። "ታች" ስንል ናይሮቢና ወደዚያ ያለው አገር ነው። የላይ ጤፍ፣ የታች ሳሙና እንላለን። ዕቃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የላዩን ነው የታቹን የሚል ነው። ጂግሶ የለኝም፣ አስመጣልሃለሁ ስለው፣

"እንግዲያው የታቹን አስመጪልኝ" አለኝ።

"የላዩ አይሻልህም? ሰው ሁሉ የላዩን ነው የሚወስደው።"

"ሰው ሁሉ…" ብሎ ጀመረና ተወው። "ለኔ የታቹ ነው።"

ወዲያው ናይሮቢ ደወልኩ። በሳምንቱ ካርቶኑ በአውቶቡስ መጣልኝ። ሱቁ ሰው ሞልቶበት ሳለ አስጠርቼው ካርቶኑን በኩራት ከፈትኩለት። ከላይ ጠምዘዝ ያለ እጀታ ያለው፣ እንደ ካውያ የሚያዝ፣ የሚያምር ማሽን ነው። ይኸው የታች ዕቃ፣ ከናይሮቢ ያስመጣሁልህ፣ አልኩት። በግራ እጁ ገለበጥ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ዙሪያውን የቆሙትን ሰዎች አየ፤ ተወው። "እግዜር ይስጥልኝ ሙሉዬ" አለና ታቅፎት ሄደ። ለምን ደስ እንዳላለው አልገባኝም፤ ትንሽ ቅር ብሎኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራቸው ሻኛዎች መበላሸት ጀመሩ። ጠርዛቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ በመሞረድ ብዛት ሳስቷል። ልጇን የዳረች የጎልቦ እናት ሱቄ መጥታ "ይቺ ግመል ታማለች" ብላ ስታወራ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መሳቄ ሳያንስ ለእሱ ሄጄ አወራሁለት። ማሽኑን አልቻልክበትም፣ ጋሼ፣ ወደ መጋዝህ ተመለስ አልኩት። እንጨቱን እያገላበጠ ሰማኝ።

ጥቂት ቆይቼ ያዘዘኝን ምላጭ ልሰጠው ወደ ሥራ ቤቱ ጎራ አልኩ። ማሽኑ ይጮኻል፤ ስለዚህ ስገባ አልሰማኝም። ጠረጴዛው ላይ ደረቱን ጥሎ ተጋድሟል። ማሽኑን የያዘው በእጀታው አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ሆዱን አንቆ ነው። ማስነሻውን እንዳይለቀቅ ከውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠፍሮታል። በግራ እጁ የቀኝ እጁን አንጓ አጥብቆ ይዟል፤ ቀኝ እጁ ግን ከነማሽኑ ይርገፈገፋል። ላቡ ጣውላው ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ያን ጊዜ ነው ያ እጅ ለምን ከኪስ እንደማይወጣ የገባኝ።

ቀና ብሎ አየኝ። ላስቲኩን ፈቶ ማሽኑን አጠፋ። ልደብቀው አላለም፤ እጁን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሁለታችንም ሲንቀጠቀጥ አየነው። ዓመት ሊሞላው ነው አለኝ። ሐኪም አይቶታል፤ እየባሰ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም ብሎታል።

ከዚያ ስለ እጀታው እንደ አስተማሪ ሆኖ አስረዳኝ። ጂግሶ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እጀታው ከላይ ነው፤ እጅህ ከእንጨቱ ርቆ ነው የሚሠራው፤ ጣትህም ማስነሻውን ጨብጦ መቆየት አለበት። ጤነኛ እጅ ላለው ሰው እሱ ይመቻል፤ ጣትህን ስትለቅ ስለሚቆምም አደጋ የለውም። ሌላው ከላይ እጀታ የለውም፤ እንደ ተጋደመ ጠርሙስ ወገቡን ነው የምትይዘው። አንድ ጊዜ ከገፋኸው እስክታጠፋው ድረስ ይሠራል። እጅህ ዝቅ ብሎ እንጨቱን ይደገፋል። "ከላይ ስይዘው የኔ መንቀጥቀጥ ምላጩ ጋ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል" አለኝ። "ከታች ሲሆን እንጨቱ ይይዝልኛል። የታቹን ያልኩሽ እጀታውን ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣው ቃጣኝ። እሱ ግን ጥፋቱን ለራሱ ወሰደው፤ ሰው ሲያፍር የሚናገረው ግማሽ ቃል ነው፣ ግማሽ ቃል ሰምተሽ ምን ታደርጊ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። እጁ መንቀጥቀጡን ለማንም እንዳልናገር። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ፉንዲ ጣውላውን የሚሰጥ የለም፤ ከዚህ እጅ በቀር ደግሞ የሚያኖረው ነገር የለውም። በማርያም ብዬ ማልኩለት።

ትክክለኛውን ላስመጣለት በማግስቱ ናይሮቢ ላለው ነጋዴ ደወልኩ። ቀኑ ገበያ ነበር። ከጎልቦ የመጡ ሴቶች ቀለም ይመርጣሉ፤ ሁለት ፉንዲዎች ኮላ ለመግዛት ቆመዋል፤ ስልኩ ይቆራረጣል። እኔ መቼም ስልክ ሳወራ ጎረቤት ሁሉ ነው የሚሰማው። ነጋዴውን በስዋሂሊ የታቹን ነው የምፈልገው፣ እጀታው የታች የሆነውን ብለው፣ "ያ ቤይ ያ ቺኒ?" አለኝ፤ ዋጋው ዝቅ ያለውን ማለቱ ነው። አይደለም አልኩት። ደግሞ ሌላ ነገር ገባው። ደግሞ አስረዳሁት። ለምን እሱን ትፈልጊዋለሽ፣ ሰው የሚወስደው የላይ እጀታውን ነው አለኝ። ያቺው የመጀመሪያዋ ስሕተት ዳግመኛ ልትፈጠር መሰለኝና ደሜ ፈላ።

"ምኮኖ! ምኮኖ ያ ፉንዲ ታደለ ኢናተተመካ!" ብዬ ጮህኩ።

የፉንዲ ታደለ እጅ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ነጋዴው ወዲያው ገባው። ሱቄ ውስጥ ያሉትም ሁሉ ገባቸው። ቀለም የምትመርጠው ሴት ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። ከፉንዲዎቹ አንዱ መሬት መሬት አየ፤ ሌላው ኮላውን ሳይገዛ ወጣ። ወጥቼ ልከተለው አስቤ ነበር። ተከትዬስ ምን እለዋለሁ?

ማሽኑ መጣ። ይዤለት ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ነበር፤ አንድ የሶሎሎ ሰው በዚያው ጠዋት ጣውላውን ጭኖ ወስዷል። ጋሽ ታደለ ግን ሁለቱን ማሽኖች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ዕድሜ ልኩን ዕቃ መርጦ እንደማያውቅ ሰው፣ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያነሣ ሞከራቸው። ከዚያ በእርሳስ ሻኛ ሣለና አዲሱን ከወገቡ ይዞ፣ አንጓውን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ቆረጠው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መስመሩ ግን ፈጽሞ አልተነቃነቀም። የቆረጠውን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ተከተለና ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ይቅር በለኝ፣ አፌ ነው ስለው፣ "አፍሽን ከነሱቅሽ ነው የማውቀው" ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱ የባሰ አስለቀሰኝ።

እኔም የበደልኩትን ልክስ ደፋ ቀና አልኩ። ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ የጋሽ ታደለ ሻኛ ከድሮው አምሯል፣ ሄደህ እይ እላለሁ። "ፖሌ ማማ" ይሉኛል፣ አይዞሽ ማለታቸው ነው፣ እንዳዘኑለት ሆነው። ሄዶ ያየ ግን አልነበረም። የእኔን አልጋ አድስልኝ ብዬም ሄድኩ፤ አልጋሽ ገና ነው፣ እኔው ነኝ የሠራሁት፣ ለኔ ብለሽ እንጨት አትፍጂ ብሎ መለሰኝ።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ አልሄድኩም። እውነቱን ለመናገር ዓይኑን ማየት አሳፈረኝ። ግን ጠዋት ጠዋት ሱቄን ልከፍት በዚያ መንገድ ሳልፍ የጂግሶውን ድምፅ መስማት ጀመርኩ። በየቀኑ ሳልፍ ይሠራል። ጋሼ ሥራ ገባለት ማለት ነው፣ ሰው ወሬውን ረሳው፣ ወይም ሻኛውን አይተው ተመለሱ አልኩ። በሩን ሳላንኳኳ አልፋለሁ። ወራት እንዲህ አለፉ፤ ሸክሙም ቀስ በቀስ ቀለለኝ። አንድ ሳምንት ድምፁ ሲጠፋ አልጋ ሊያደርስ ወጥቶ ይሆናል አልኩ እንጂ ታሞ ሶሎሎ መሄዱን አልሰማሁም ነበር።

በቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር። የሞያሌ ግማሹ የተኛው እሱ በሠራው አልጋ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ስለ ሥራው ተወራ፤ ወሬው ግን ዞሮ ዞሮ እጁ ላይ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ እጁ ከዳው እንጂ፣ ይላሉ። እንዲህ ሲሉ መሐላቸው ተቀምጬ ነበር። ወሬው ከየት እንደወጣ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ ከኔ በቀር።

በሣልስቱ እትዬ ዳርሚ ጠራችኝና የሥራ ቤቱን ቁልፍ ሰጠችኝ። ማሽኖቹን ሱቅሽ ወስደሽ የሚሆነው ሰው ሲመጣ ሽጪልኝ አለችኝ። በሩን ከፍቼ ስገባ ግድግዳው ጥግ የቆመ፣ እስከ ደረቴ የሚደርስ ክምር አየሁ። ሁሉም ሻኛ ነው። ከሣጥን ጣውላ፣ ከአሮጌ በር፣ ከቁርጥራጭ ኮምፔንሳቶ የተቆረጠ። ቀለም ያልነካው፣ ቀዳዳ ያልተበሳበት፣ ለአልጋም ሊሆን የማይችል አጭር እንጨት ነው። አንዱን አነሣሁና እሱ ያደርግ እንደነበረው ጠርዙን በአውራ ጣቴ ተከተልኩት። ሌላም አነሣሁ። የትኛውም አልተዛነፈም።

የማን ትእዛዝ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

"የማንም አይደለም" አለች እትዬ ዳርሚ፤ አማርኛዋ ሁልጊዜም አጭር ነው። "ከዚያ ወዲህ ሥራ የለም። አንድም ሰው አልመጣ።"

"እኔ እኮ በየጠዋቱ ሲሠራ እሰማው ነበር።"

በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ልትናገር አልፈለገችም፤ ግን እሷ መዋሸት አታውቅም።

"ሰዓትሽን ያውቃል" አለችኝ። "አሁን ሙሉ ታልፋለች ይላል፣ ይነሣል፣ ማሽኑን ያስነሣል። ለምን ታደርጋለህ አልኩት። ሥራ እንዳለኝ ትስማ፣ አለበለዚያ ጸጸት ይጨርሳታል አለ። ስታልፊ ያጠፋዋል።"

ክምሩ ውስጥ ስንት እንደነበሩ አልቆጠርኩም። እያንዳንዱ ግን አንድ ጠዋት ነው። በነዚያ ጠዋቶች ሁሉ እኔ በበሩ ሳልፍ ደስ ብሎኝ ነበር።